ፓምፑ ይጮኻል፣ ቦቴው ግን አይሞላም፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ሌሊት ነው። ቦታው ምዕራብ ቴክሳስ፣ ከሚድላንድ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ጠፍ ሜዳ። አንድ ሾፌር ቦቴውን ከነዳጅ ጉድጓድ አጠገብ ወዳለ ትልቅ ታንከር አስጠግቶ ቱቦውን ገጥሟል። ሞተሩ ይሠራል፣ ፓምፑ ይጮኻል። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ቦቴው ውስጥ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ስልኩ ጠራ። ዲስፓቸሩ ነው፤ "ወንድሜ፣ አልጨረስክም እንዴ?"

ዛሬ የምናወራው ሾፌሩ ከዚህ በኋላ ስለሚያደርገው ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዱ ሐበሾች ብዙ መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቹ ክፍያው ይሻላል ብለው ወደ ነዳጅ መስክ ይገባሉ። እዚያ ያለው ሥራ ግን መንዳት ብቻ አይደለም። መጫንም ማውረድም የሾፌሩ ሥራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን፣ ብዙ ጊዜ በጨለማ። ጭነት እምቢ ሲል መፍትሔውን የሚፈልገው ራሱ ነው። እና እውነቱን ለመናገር አደጋ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ሲሄድ ሳይሆን አንድ ነገር እምቢ ሲልና ሰው ሲጣደፍ ነው።

መጀመሪያ መኪናውን እንተዋወቅ። ቫኪዩም ትራክ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ የሚጠራው መጣጭ መኪና አለ አይደል? በቃ የእሱ ወንድም ነው፤ አሠራሩ አንድ ነው። የቴክሳሱ ብዙውን ጊዜ 130 በርሜል ገደማ ይይዛል፤ አንድ በርሜል 159 ሊትር ስለሆነ ወደ 20 ሺህ 700 ሊትር ማለት ነው። የሚጭነው ደግሞ ሁልጊዜ ነዳጅ አይደለም። ከምድር ሲወጣ ድፍድፍ ዘይት ብቻውን አይመጣም፤ በጣም ጨዋማ ውሃ አብሮት ይወጣል። የፐርሚያን ተፋሰስ በሚባለው በዚህ የነዳጅ መስክ ደግሞ ውሃው ከዘይቱ እጅግ ይበልጣል። ቧንቧ ያልተዘረጋበት ቦታ ላይ ያንን ውሃ፣ የታንከር አተላውንና ጭቃውን የሚያነሳው ይህ ቦቴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ፓምፑ ፈሳሹን ይስባል ብሎ ያስባል። አይስብም! ፓምፑ ፈሳሹን አይነካውም፤ መንካትም የለበትም። ፓምፑ የሚያደርገው ከቦቴው ውስጥ አየር ማውጣት ብቻ ነው። ቦቴው ውስጥ አየር ሲሳሳ፣ ውጭ ያለው ከባቢ አየር ታንከሩ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ከላይ ተጭኖ በቱቦው በኩል ወደ ቦቴው ይገፋዋል። ጭማቂ በስትሮ ስትጠጡ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ እናንተ አፋችሁ ውስጥ ያለውን አየር ትቀንሳላችሁ፣ ጭማቂውን የሚገፋው የውጭው አየር ነው።

ይህቺን ነገር የያዘ ሰው ግማሹን ችግር ፈታ ማለት ነው። ለምን መሰላችሁ? ጭነት እምቢ ካለ ከሦስት ነገር አያልፍም፦ ወይ አየሩ እየወጣ አይደለም፣ ወይ የወጣው አየር በሌላ ቀዳዳ ተመልሶ እየገባ ነው፣ ወይ ፈሳሹ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቷል። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ የቫኪዩም ጌጁ ነው። ጌጁን ሳያዩ መፍቻ ማንሳት ጊዜ ማቃጠል ነው።

ጌጁ የሚለካው በሜርኩሪ ኢንች ነው። ባሕር ጠለል ላይ ፍጹም ባዶ የሆነ ነገር 29.9 ገደማ ያሳያል። ከፍታ ሲጨምር ግን የሚገፋን አየር ራሱ ይቀንሳል። ሚድላንድ ከባሕር ጠለል 850 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል እዚያ የመጨረሻው ጣሪያ ወደ 27 ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ጣሪያው 22 ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ ማንዋሉ ላይ "27 መድረስ አለበት" የሚል ነገር አንብቦ አዲስ አበባ ላይ ፓምፕ የሚያስፈታ ሰው ካለ በከንቱ እየደከመ ነው፤ የጎደለው ፓምፑ ሳይሆን አየሩ ነው። ወደ ላይ የመግፋት አቅሙም እንደዚያው ይወርዳል። ንጹሕ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በቫኪዩም ቢበዛ 10.3 ሜትር ቢወጣ፣ አዲስ አበባ ላይ 7.8 ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ የወረቀት ቁጥሮች ናቸው፤ በተግባር ከዚህም ያንሳል። የነዳጅ ጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከጨዉ የተነሳ ከንጹሕ ውሃ ይከብዳል፣ ስለዚህ ይብስ ዝቅ ይላል። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ፈሳሽ "እምቢ" ሲል ምንም ያልተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል።

እሺ፣ ጌጁን አየነው። ዝቅ ብሎ ቀርቷል እንበል፤ 5 ወይም 8 ላይ ተገትሮ አይወጣም። አየር እየገባ ነው ወይም በደንብ እየወጣ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ጋ ከቀላሉ መጀመር ነው፣ ቢያሳፍርም። ባለ አራት መንገድ የሚባል ቫልቭ አለ፤ እጀታውን ወዲህ ሲያደርጉት ፓምፑ አየር ከቦቴው ያወጣል፣ ወዲያ ሲያደርጉት አየር ወደ ቦቴው ይነፋል (ለማውረድ)፣ መሃል ላይ ደግሞ ምንም አያደርግም። ቀድሞ ካወረደበት ቦታ እጀታውን ሳይመልስ የመጣ ሾፌር ሃያ ደቂቃ ሙሉ መሃል ላይ አድርጎ ሊጠብቅ ይችላል። ይስቁበታል፣ ግን ይከሰታል። ሌላው ደግሞ ከፓምፑ በፊት ያለው ትራፕ ነው፤ ወደ ፓምፑ እንዳይሄድ ጠብታና አረፋ የሚይዝ ትንሽ ጋን ነው። ጠዋት ውሃውን ለማፍሰስ የተከፈተች ቧንቧው ሳትዘጋ ከቀረች ፓምፑ ቀኑን ሙሉ የቴክሳስን አየር ሲምግ ይውላል።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ፍተሻ ይደረጋል። ይህቺን ፍተሻ ሥራው ላይ ያላችሁ ያዙልን።

ቱቦው የተገጠመበትን የቦቴውን ቫልቭ ዝጉና ፓምፑን አሠሩት። ጌጁ አሁን በደንብ ከወጣ ቦቴውም ፓምፑም ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ከቫልቩ ወዲያ፣ ቱቦው ወይም ታንከሩ ጋ ነው። አሁንም ካልወጣ ጥፋቱ እናንተው መኪና ላይ ነው። ቀጥሎ የቻለውን ያህል እንዲወጣ አድርጉና ባለ አራት መንገዱን ቫልቭ መሃል ላይ መልሱት፤ ፓምፑ ከቦቴው ተለየ ማለት ነው። አሁን ጌጁን ማየት ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ ከወረደ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። ፀንቶ ከቆመ ግን ቦቴው አያስገባም፣ የደከመው ፓምፑ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ችግሩን ለሁለት ከፈላችሁት።

አየር የሚገባ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጓርኒሲዮን ነው፦ የላይኛው ክዳን፣ የኋላው በር። ምዕራብ ቴክሳስ አሸዋ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ላይ የተቀመጠች ትንሽ አሸዋ ክዳኑ እንዳይገጥም ታደርጋለች። ሌላው የቫኪዩም ማስተንፈሻው ቫልቭ ነው፤ ቆሻሻ ይዞት በትንሹ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የሚገባበት ቦታ በጆሮ ካልተገኘ የጺም መላጫ አረፋ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይቀባል፤ አረፋው ወደ ውስጥ የሚጠባበት ቦታ እሱ ነው። በመዳፍ መፈለግ ግን ክልክል ነው! በተለይ የቱቦውን አፍ "እየሳበ ነው ወይ" ብሎ በእጅ መሸፈን። ሒሳቡን እንሥራው፦ 4 ኢንች ስፋት ያለው ቱቦ ጌጁ 20 ላይ ሲሆን መዳፋችሁን የሚይዘው 55 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ነው። እጅ አይላቀቅም፣ ሥጋና የደም ሥር ይጎዳል።

ፓምፑ ራሱ ከሆነ የደከመው፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያሉት ቬን የሚባሉት ስስ ጠፍጣፋ ምላጮች አልቀዋል ወይም ተጣብቀዋል። የሚያስጣብቃቸው የዘይት እጥረት ወይም ወደ ፓምፑ የገባ ውሃ ነው። ፓምፑ ሲነካ የሚያቃጥል ሆኖ ጌጁ ካልወጣ ማቆም ነው፤ ጋዝ በማብዛት የሚስተካከል ነገር አይደለም። ፊልትሮው ከተደፈነም ምልክቱ ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ጋራዥ ከመደወላችሁ በፊት እሱን እዩት።

ሁለተኛው ታሪክ ተቃራኒው ነው። ጌጁ ከፍ ብሏል፣ 22፣ 24፤ ነገር ግን ምንም አይመጣም። ይህ መዘጋት ነው። ወፍራም የአቦካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ ስትመጡ ጉንጫችሁ ወደ ውስጥ ገብቶ ጁሱ ግን ንቅንቅ የማይልበትን ሰዓት አስቡት። ቫልቮቹን መቁጠር ነው፤ ታንከሩ ላይ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ቦቴው ላይ። አንዳንዱ ቫልቭ እጀታው ይዞራል፣ ውስጥ ያለው ክዳን ግን ተሰብሮ አብሮት አይዞርም። ክረምት ላይ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ቱቦውን ይደፍነዋል።

ሰውን የሚያታልለው ግን ቱቦው ነው። የቆየ ቱቦ የውስጥ ሽፋኑ ይላላል። መሬት ላይ ተዘርግቶ በአፉ ስታዩት ክፍት ነው፣ ምንም የለበትም። ቫኪዩም ሲያገኘው ግን ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይወድቅና መንገዱን ይዘጋል። ፓምፑ ሲቆም ተመልሶ ይከፈታል! ቫልቭ ሁሉ ፈታትቶ ምንም ያጣ ሰው ቱቦውን በሌላ ቀይሮ ይሞክር።

ተንሳፋፊው ኳስም አለ። ቦቴው ሲሞላ ወደ ላይ ተነስቶ የአየሩን መውጫ የሚደፍን ኳስ ነው፣ ፈሳሽ ፓምፑ ውስጥ እንዳይገባ። አንዳንዴ በአተላ ተጣብቆ ቦቴው ባዶ ሆኖ ሳለ እንደደፈነ ይቀራል። ያኔ ጌጁ የሚነግራችሁ በተተከለበት ቦታ ይወሰናል፤ ከኳሱ ወደ ፓምፑ በኩል ከሆነ ከፍ ይላል፣ ቦቴው ላይ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ የራሳችሁ መኪና ጌጅ የት እንደተተከለ እወቁ። ኳሱን ከመክሰሳችሁ በፊት ግን ቦቴው እውነት ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ የመጠን ማሳያው መስታወት ጭቃ ይይዘዋልና ሙሉ ቦቴ ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከመዘጋቶች ሁሉ ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው የታንከሩ ማስተንፈሻ ነው። ፈሳሽ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ባዶ ሃይላንድ አፋችሁ ላይ ገጥማችሁ ብትመጡት ምን ይሆናል? ይጨማደዳል። በርሜሎች የሚይዝ የብረት ታንከርም እንደዚያው ይጨማደዳል፣ ቀልድ አይደለም። ከታንከሩ በኩል የላሜራ ጩኸት ከሰማችሁ ፓምፑን ወዲያው ማቆም ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባና ጂቡቲ መስመር ላይ የምታዩት ተራ የነዳጅ ቦቴም ለቫኪዩም አልተሠራም፤ ቫኪዩም ትራክ እንዳይጨማደድ ተጠናክሮ የተሠራ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ አጭር ነው፦ ጌጁ መሃል ላይ ይወዛወዛል፣ ቱቦው እንደ እባብ ይዘላል፣ ፈሳሹ ከአየር ጋር እየተቀላቀለ ይመጣል። የቱቦ ማያያዣው ውስጥ ያለው ጎማ ተበልቷል ወይም ጠፍቷል፣ ካልሆነም ታንከሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከመውጫው በታች ወርዷል። ጨርሷል ማለት ነው፣ በቃ።

አንድ የቀረ ነገር ትኩስ ፈሳሽ ነው። ቫኪዩም ውስጥ ውሃ ለመፍላት 100 ዲግሪ አያስፈልገውም። 70 ዲግሪ ያለው ውሃ ባሕር ጠለል ላይ ጌጁ 21 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ቱቦው በፈሳሽ ፋንታ በእንፋሎት ይሞላና ጭነቱ ይቆማል። እዚህ ላይ መፍትሔው ከሰው ግምት ተቃራኒ ነው፤ ቫኪዩሙን መጨመር ሳይሆን መቀነስ።

እስካሁን ስለ መኪናው አወራን። አሁን ስለ ሰውየው።

ጭነት እምቢ ሲል ሾፌር በተፈጥሮ የሚመጣለት ሐሳብ ምንድነው? "ታንከሩ ውስጥ ፈሳሽ አለ ወይስ የለም? ልየው።" ደረጃውን ይወጣል፣ ከላይ ያለውን ክዳን ይከፍታል፣ ጎንበስ ይላል። ያቺ ቅጽበት ናት ሰው የምትገድለው። በ2016 የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቶች፣ ኒዮሽና ኦሻ፣ በጋራ ማስጠንቀቂያ አውጥተው ነበር፦ ከ2010 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ዘጠኝ ሠራተኞች ከነዳጅ ጉድጓድ ታንከር አናት ላይ መጠን ሲለኩ ወይም ናሙና ሲወስዱ ሞተዋል። ጭነት ሊወስዱ የመጡ ሾፌሮችም ነበሩባቸው። ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው የነዳጅ ጋዝ የሚተነፍሱትን አየር ይተካል፣ ልብንም ያውካል። ሰውየው ለመጮህ ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

ብዙ ሾፌር ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ትንሽ የጋዝ መለኪያ የምትለካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህኛውን ጋዝ ላታየው ትችላለች። "አልጮኸችም" ማለት "አየሩ ደህና ነው" ማለት አይደለም።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ራሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሲያንስ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። መቶ ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ጋዙ ግን አለ። ጥቅምት አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 26 ቀን 2019፣ ከሚድላንድ ብዙም በማትርቀው ኦዴሳ ውስጥ አንድ ሠራተኛ የፓምፕ የማስጠንቀቂያ ምልክት ደርሶት በሌሊት ወደ ጣቢያው ሄደ። ፓምፑን ለመለየት ቫልቮቹን ሲዘጋ የኤሌክትሪክ ኃይሉን አላቋረጠም፤ ፓምፑ በራሱ ተነሳ፣ ጋዙን የያዘው ውሃ አመለጠ፣ ሰውየው እዚያው ሞተ። ቤት ሳይመለስ ሲቀር ባለቤቱ ልጆቻቸውን መኪና ውስጥ ይዛ ልትፈልገው መጣች። እሷም ገብታ ሞተች። ልጆቹ ተረፉ። ስትፈልገው የወሰደባት መንገድ ማንኛችንም የምናደርገው ነው፤ ለዚህ ነው ወድቆ ያያችሁትን ሰው ለማንሳት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መሮጥ ሁለተኛ ሬሳ መጨመር የሚሆነው።

እሳቱንም እንጨምር። ፓምፑ ከቦቴው ያወጣው አየር በማርሚታው በኩል ወደ ውጭ ይተፋል፣ የነዳጅ ትነት ይዞ። አጠገቡ ደግሞ የራሱ የመኪናው ናፍጣ ሞተር ይሠራል። ጥር 2003 ሮሻሮን፣ ቴክሳስ ላይ ሁለት ቫኪዩም ትራኮች አተላ ሲያወርዱ (መጫን ሳይሆን ማውረድ ነበር) የወጣው ትነት በሞተሮቹ የአየር መሳቢያ ገባ፤ ሞተሮቹ ማንም ሳይነካቸው መጋለብ ጀመሩ፣ ትነቱ ተቀጣጠለ፣ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። ሞተራችሁ ጋዝ ሳትሰጡት ድምፁ ከጨመረ ትነት እየበላ ነው ማለት ነው። ቁልፍ ማጥፋት ላያቆመው ይችላል፣ ምክንያቱም የሚነዳው ከውጭ በሚገባው ትነት ነው። መሸሽ ነው፣ ከነፋሱ አቅጣጫ በጎን በኩል። ለዚህ ነው የፓምፑን መተንፈሻ በቱቦ አርቆ ወደ ነፋሱ መሄጃ ማውጣትና ቦቴውን ከታንከሩ ጋር በሽቦ ማያያዝ ቱቦ ከመገጠሙ በፊት የሚደረገው፤ ጭነቱ ቢዘገይም ባይዘገይም።

እና ያ ሾፌር፣ ሃያ ደቂቃ የጠበቀው? ደረጃው ላይ ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ ቆሞ ማድረግ የሚችለው ነገር ሁሉ ከላይ ያወራነው ነው፦ እጀታው፣ የትራፑ ቧንቧ፣ ቫልቭ ዘግቶ ጌጅ ማየት፣ ቱቦ መቀየር። ታንከሩ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን ማወቅ ካለበት ለጉድጓዱ ኃላፊ ይደውላል። ካልሆነም ባዶውን ይመለሳል። ለዲስፓቸሩም "አልጫነልኝም፣ እየመለስኩት ነው" ይላል።

ስልክን ካነሳን፦ ተራ ስማርት ፎን ትነት ያለበት ቦታ ላይ እንዲያዝ የተሠራ አይደለም፤ ብዙ ጣቢያ ላይ መኪና ውስጥ ተትቶ ነው የሚወረደው። ስለዚህ የደወላችሁት ከጋቢናው ውስጥ ሆናችሁ፣ ከጉድጓዱ ራቅ ብላችሁ ይሁን። በስልክ መብራት ታንከር ውስጥ ለማየት የሚሞክር ጓደኛ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ ላኩለት።